ከድንጋዩ ወዲያ

ወንድሜ በጎማ ቱቦ የቤቴን የውጭ ግድግዳ ሲያርሰው፣ የእርጥብ ጡብ ሽታ በመስኮት ገባና ልጅነቴን አመጣብኝ። ቤቴ ባሕር ማዶ፣ ሀዳር የሚባል ሰፈር ነው፤ አሮጌ ነው። የባሕሩ ነፋስ በጡቦቹ መሐል ያለውን ሲሚንቶ በልቶት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ወደ ውስጥ እየሰረገ የአልጋውን ራስጌ ያጠቁረው ነበር። ብቻዬን ስኖር ችዬው ኖርኩ። ልጄ ወልዳ ከሆስፒታል ወደ እኔ ስትመጣ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር ግድግዳውን አያለሁ። ወንድሜን ጠራሁት፤ ዓርብ ፋብሪካ ስለማይገባ መዶሻና መሮውን ይዞ ከሰፈሩ፣ ከክርያት ያም መጣ።

ልጅ እያለሁ፣ ጎንደር በእኛ መንደር፣ የወለደች ሴት ከቤቷ አትተኛም ነበር። ከመንደሩ ዳር የአራስ ጎጆ ነበረ፤ ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ። ወንድ ድንጋዩን አይሻገርም። ምግቧ እንኳ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥላታል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጣትም። ወደ ውስጥ የገባች ሴት እስኪመሽ እዚያው ውላ፣ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ነው ወደ ቤት የምትመለስ። እኛ ይህን የኦሪት ሕግ እንጂ ሌላ አናውቅም ነበር።

እናቴ ወንድሜን የወለደችው በክረምት ነው። ገና አልተገረዘም፤ አባቴም አላየውም። አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ የጎጆውን የውጭ ምርጊት ጠርጎ ወሰደውና በራስጌዋ በኩል ማገሩ ብቻ ቀረ። ጠዋት እናቴ ከውስጥ ተጣራች፤ ሕፃኑ በብርድ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጡትም አልያዝ ብሏል። የሚረዷት ሴቶች ገበያ ወርደዋል። ሰማዩ እንደገና ከብዷል። አባቴ ግድግዳ ሠሪ ነበር፤ የመንደሩን ቤት ሁሉ የመረገው እሱ ነው። ድንጋዩ ጋ መጥቶ ቆመና እጁን ጨበጠ። ከዚያ እኔን አየኝ።

ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግሩ ረገጠ። እያድቦለቦለ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ አነሳና ወደ ጎጆው እሮጣለሁ።

«መጀመሪያ ውሃ እርጪበት! ደረቅ ግድግዳ ጭቃ አይዝም!»

ረጨሁ፤ ጭቃውን ወረወርኩ። ተመልሶ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ግድግዳውን ምረጊ አልኩሽ እንጂ እግርሽን!»

እናቴ ከውስጥ «ኧረ አይጩሁባት!» አለች። «እርስዎም ሲጀምሩ የአማትዎን ግድግዳ ንደው ነበር አሉ።»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በመዳፌ ከታች ወደ ላይ እንድገፋ፣ ማገሩ ውስጥ ገብቶ እንዲነክስ፣ በጣቴ ሳይሆን በሙሉ እጄ እንድጫነው ነገረኝ። እናቴ ደግሞ ብርሃን እያየች ከውስጥ ትመራኛለች፦ «ከፍ በይ... ወደ ግራ... እዚህ ገና ይታየኛል።» ካፊያው ሲጀምር ክንዴ ዝሎ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ «ጨለመ፤ ተደፈነ፤ ተይው ልጄ» አለችኝ።

ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሕፃኑ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ደረቷ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነችው፤ እኔ የመጥባት ድምፅ እስክሰማ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሲጠባ ሰማሁት። አባቴ ዝናቡ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ቆሟል፤ አልሄደም።

«ጠባ?» አለ።

«ጠባ!»

ቆየት ብሎ፣ እያፈረ፣ «ማንን ይመስላል?» አለኝ።

«እርስዎን» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ማንንም አይመስልም ነበር።

አሁን ያ ሕፃን የራሱ ጠጉር ሸብቷል፤ ውጭ ቆሞ የሞተውን ሲሚንቶ በመሮ እየፈለፈለ አዲስ ይሞላል። እኔ ውስጥ ሆኜ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ።

«እዚህ ጋ ይነፍሳል!» እላለሁ።

«እቴ፣ እሱ መስኮቱ ነው!»

«እሱንም ድፈነው!»

ልጄ ከአልጋው ላይ ሳቀች፤ እንደ ልማዷ ዕብራይስጥ ቀላቅላ። «ዲ፣ በቃ፣ እማ! ማዝጋን አለ እኮ፣ ያሞቀናል።»

«ማዝጋን ሲጠፋስ?»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ቤሰደር» አለች። እኔ ግን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በእጄ ሳላዳርስ አልተውኩም። ነፋስ የለም።

ዛሬ ሴቶቻችን ከቤታቸው አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ባል ያቅፋቸዋል፣ የሕፃኑን ጨርቅ ይቀይራል። ይህ ደግ ነው። ያን ጎጆ ተመለሺበት ብባል እሺ አልልም፤ ብርዱን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ሰው ዝናብ እየወረደበት ለአራስ ብሎ ከድንጋዩ ወዲያ ሲቆም ምን እንደሚመስል እናቴ ታውቅ ነበር፤ ልጄ አታውቀውም።

ወንድሜ ጨርሶ ገባ። «ታጠብ» አልኩት፤ እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ አልጋው አጠገብ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሕፃኗ ማንን እንደምትመስል ራሱ አየ።