«ኦኬ» ያልኩበት ካምቢዮ

ከነቀምቴ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የለበስኩትን ጃኬት የሰፋው እሱ ነበር። እናቴና እህቴ ፅጌ ሲያለቅሱ እሱ እንደ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አየኝና እጅጌዬን ሳብ አድርጎ «ትንሽ ረዝሟል፤ ስትመጣ አሳጥርልሃለሁ» አለኝ። እኔም «እሺ አባዬ» ብዬ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ እናቴ እንኳን ስትቀበር አልደረስኩም።

ሞያሌን፣ ናይሮቢን፣ እዚያ በስደተኛ ወረቀት ጥበቃ የባከኑትን ዓመታት አልተርክላችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትም ባያውቀው ይሻለዋል። በመጨረሻ ካናዳ፣ ኤድመንተን የምትባል ከተማ አመጡኝ። ብርድ ማለት የአርጆ ብርድ ይመስለኝ ነበር። አርጆ ይቅር ትበለኝ! እዚህ ከቤት ስትወጡ መጀመሪያ የሚደርቀው የአፍንጫችሁ ፀጉር ነው። ምግቡንስ ተዉት፤ የወለጋን ሥራሥር፣ አንጮቴን በልቶ ያደገ ሰው በዚህ ውሃ ውሃ በሚል ድንች እንዴት ይጽናና? ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ ኮሪደሩ ላይ ካየኝ ተመልሶ ይገባል። ነቀምቴ ቢሆን «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ ሳይለኝ ያለፈ ጎረቤት ተጣልቶኛል ማለት ነው።

ሥራዬ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞሩ ማጠብና ማብላት ነው። እዚያ አውቶቡስ አይደርስም፤ መኪና ከሌለ ሥራ የለም።

አምና ክረምታቸው ሊገባ ሲል ፅጌ ደወለች። አባዬ ግላኮማ ይዞታል፣ ዓይኑ እየፈዘዘ ነው፣ ሐኪሙም የሄደው አይመለስም ብሏል። አባዬ ስልኩን ከእጇ ወሰደና «ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ፊትህን ልየው» አለኝ። ለቲኬት የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜ ነበር። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ። ከመሄዴ በፊት ግን መኪናዬን ዘይት ላስቀይር ብዬ ወደ ገዛሁበት ዲለርሺፕ ወሰድኳት። ምን አለ ባልወሰድኳት!

ብራያን የሚባለው የሰርቪስ ኃላፊ ሲደውልልኝ አንዲት አሮጊት ምሳ እያበላሁ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ አነሳሁት።

«ካምቢዮው አልቋል» አለኝ።

«ኦኬ» አልኩ።

«እንዲህ ሆኖ ቢነዳ አደገኛ ነው።»

«ኦኬ።»

«በአዲስ መቀየር አለበት። አሁን ብንጀምር ነገ ይደርስልሃል።»

«ኦኬ፣ ኦኬ።»

የእኔ ኦኬ እኮ የእኛው «እሺ» ነው። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል፣ ስትጨርስ እንነጋገራለን ማለት ነው። ነቀምቴ ገበያ ሻጩ ዋጋውን ሲጠራ «ቶሌ፣ ቶሌ»፣ እሺ፣ እሺ እያላችሁ ትሰሙታላችሁ፤ ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሌ ስላልኩ ብቻ በሬ አስታቅፎኝ የሄደ ነጋዴ የለም።

በማግስቱ ስሄድ አዲስ ካምቢዮ ገብቶላታል። ሂሳቡን ሳየው የቲኬቴን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ነው።

«እኔ ቀይሩ አላልኩም!»

«ደጋግመህ ኦኬ ብለሃል። ስልካችን ይቀዳል።»

«እየሰማሁህ ነበራ!»

«ሰምተህ ተስማማህ።»

«ሰማሁ እንጂ አልተስማማሁም።»

«ታዲያ ለምን ኦኬ አልክ?»

«ባለጌ እንዳልባል ነዋ!»

የወጣውን ካምቢዮ አሳየኝ አልኩት። አገር ቤት መካኒክ የቀየረውን ዕቃ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ያስረክባችኋል፤ ባትፈልጉትም አይታችሁ ትጥሉታላችሁ። ብራያን ግን ወደ ፋብሪካው ተልኳል አለኝ። መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር ትንሽ ነቅነቅ ከማለቷ በቀር እየሄደች ነው የገባችው። ዘይት ብቻ ይበቃት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ካልከፈልኩ ደግሞ ቁልፍ የለም።

የነቀምቴ ልጅ እንዲህ ሲቸግረው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። አትሳቁብኝ። የጊምቢው ሰው ኦቦ ገመቹ እዚህ ከተማ ያለነውን የወለጋ ልጆች፣ ኦሮሞ አማራ ሳይሉ ሲያስታርቁን የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው «ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ሰውዬው ሰው አይደል እንዴ? እናናግረዋለን» ብለው ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

ብራያን በትራቸውን አየና «ጠበቃህ ናቸው?» አለኝ።

«ሽማግሌ ናቸው።»

«እሱንማ አያለሁ። ምንህ ናቸው?»

«የእኔም የአንተም ናቸው።»

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ እናቱ ደህና መሆኗን ጠየቁት፤ ብራያን ሰዓቱን አየ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዙሮ ማስረዳት ጀመረ። እሳቸውም ጃርሱማ፣ የሽምግልና ሸንጎ ላይ እንደሚሰሙት፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ አንዴም ሳያቋርጡት ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡታል። «ኦኬ… ኦኬ… ኦኬ።» ጉድ ፈላ! ላቋርጣቸው አልችል፤ ሽማግሌ እንዴት ይቋረጣል?

ብራያን ጨረሰና ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። «አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ገብቶዎታል። እንግዲህ ተስማምተናል።» ኦቦ ገመቹ የተዘረጋ እጅ መመለስ አያውቁም፤ ጨበጡት። ለእኔ ደግሞ የሚቀጥለው ዘይት ቅያሪ በነጻ ነው አለኝ።

ከፈልኩ። ባልከፍል ሥራዬም ይሄዳል፣ ሥራዬ ከሄደ ሌላ ቲኬትም የለም። ውጪ ስንወጣ ኦቦ ገመቹ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። «እኔ እኮ የእሱን ቃል እየሰማሁ ነበር። የእኔ ተራ መቼ ደረሰ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ስስቅ እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም «ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን ኢልማኮ» እያሉ ክንዴን ይዘው እስከ መኪናዋ ወሰዱኝ።

ለአባዬ እውነቱን ነገርኩት። «መኪና ነው፣ ይበላሻል፤ ለፋሲካ ትደርሳለህ» አለኝ። ክረምቱን ሁሉ የሌላ ሰው ተራ ጭምር እየሸፈንኩ ሠራሁ፤ ለፋሲካ ግን አልሞላልኝም።

በበዓሉ ዕለት በኢንተርኔት ደወልኩ። የነቀምቴ ኔትወርክ በሁለቱም በኩል ምስል ከተከፈተ ድምፁን ስለሚቆራርጠው ሁልጊዜ የእኔን ካሜራ ዘግቼ ነው የማወራቸው። የዚያን ቀንም ዝግ ነበር። ፅጌ «አባዬ፣ ይኸው እሱ ነው» ብላ ስልኩን ሰጠችው። በእኔ በኩል እሱ ይታየኛል፤ ስልኩን ፊቱ ድረስ አስጠግቶ ትንሽ ወደ ጎን ያያል።

«ቀና በል እስቲ» አለኝ።

ቀና አልኩ።

«እሰይ! ወፍረህልኛል፣ ፊትህም ጠርቷል። እንግዲህ አየሁህ፤ ለእኔ ብለህ አትንገላታ፣ ቀስ ብለህ ትመጣለህ።»

ፅጌ ከጀርባው ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ክረምቱን ሥጋዬ አልቆ ቀበቶዬ ሌላ ቀዳዳ አስፈልጎታል።

«አዎ አባዬ» አልኩት፤ «ወፍሬያለሁ።»