ጣልኩት ያልኳት ደብተር

ጓደኛዬና እኔ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳትነት ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። አብረን አልጋ አንጥፈናል፣ በሽተኛ አገላብጠናል፣ በምሳ ሰዓት ከአንድ ሳህን በልተናል። ልዩነታችን የሚጀምረው የሥራ ሰዓታችን ሲያልቅ ነበር። እሷን ባሏ መኪና አሙቆ ይጠብቃትና አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቤታቸው ይወስዳታል። እኔ አውቶቡስ እጠብቃለሁ።

ሁለታችንም ነርስ መሆን እንፈልግ ነበር። ትምህርቱን ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ብሆንም የነርስነት ፈቃድ የሚያሰጠውን የላይሰንስ ፈተና ወደቅሁ። ስነግራት እጄን ይዛ፣ "በሚቀጥለው ታልፊያለሽ" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እንዲህ ረጋ ብላ መናገሯ አናደደኝ።

የእሷ ፈተና ሲቃረብ አንድ እሑድ ከሰዓት ኮል አደረገችልኝ።

"ያ ወፍራም ደብተርሽ አለ? የመድኃኒቶቹን ነገር እንዳንቺ አድርጎ የጻፈው የለም። ለአንድ ወር ብቻ አውሺኝ።"

"ውይ፣ ጣልኩት እኮ። ስወድቅ በንዴት ጣልኩት።"

ደብተሩ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጠዋቱን ሳነበው ነው ያረፈድኩት። ቃሉ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"አይዞሽ፣ እኔም ብሆን እጥለው ነበር" አለችኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ለራሴ ምክንያት እደረድር ጀመር። ባል አላት፣ ቤት አላት፣ ልጆቿን የምትይዝላት እናት አለቻት፤ ደግሞ እኔ ደብተር ልጨምርላት? እንዲህ እያልኩ ስቆይ የተበደልኩት እኔ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ "ቅዳሜ አንቺ ሰፈር፣ ታኮማ ፓርክ ጉዳይ አለኝ፤ በዚያው ቤትሽ ብቅ እላለሁ" አለችኝ። ደብተሩን ፍራሽ ሥር ከተትኩት። አላስቻለኝም፣ አውጥቼ ቁም ሣጥን ላይ አደረግኩት። የትም ባስቀምጠው የምታየው መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት በፌስታል ጠቅልዬ ወረድኩና የሕንጻችን የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወርኩት። አንድ ዓመት ሙሉ በእጄ የጻፍኩት፣ ከሁለት ወር በኋላ ለራሴ ፈተና የሚያስፈልገኝ ደብተር ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ግን የተሰማኝ እፎይታ ነው። አሁን ውሸታም አይደለሁም፤ በእርግጥም ጥዬዋለሁ።

እሷ መጣች፣ ሻይ ጠጣች፣ ሄደች። ስለ ደብተር አንዲት ቃል አላነሳችም።

በመጀመሪያው ሙከራዋ አለፈች። ባሏ ቤታቸው ግብዣ አዘጋጀላት። ሄጄ ሳምኳት፣ እልልም አልኩ፤ የእኔ እልልታ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እንግዳው መብላት ሲጀምር ወደ መኝታ ቤቷ ጠርታኝ አንድ ፎልደር ሰጠችኝ። ያጠናችበትን ማስታወሻ በሙሉ ኮፒ አድርጋልኛለች።

"የአንቺን ስለጣልሽው ብዬ ነው" አለችኝ።

አመስግኜ ተቀበልኳት። ከማለፏ ይልቅ ያስቀናኝ ግን ይሄ ነበር፤ መስጠት እንዲህ ቀላል ሲሆንላት ማየት አንገበገበኝ። ቢሆንም በዚያው ማስታወሻ አጠናሁ፣ አለፍኩም።

ከዓመት በኋላ ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አንድ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ እውነቱን ነገርኳት። ማኘኳን አቁማ አዳመጠችኝ።

"ምን አድርጌሽ ነው?"

"ምንም አላደረግሽኝም።"

"የሆነ ነገር ባደርግሽ ኖሮ ይገባኝ ነበር" አለችና እጇን ለመታጠብ ተነሳች።

አልተጣላንም። በዓል ሲሆን እንደዋወላለን፣ የልጆቿን ፎቶ ትልክልኛለች። የምትሠራበት ሆስፒታል በዚህ ወር የነርሶች ሱፐርቫይዘር እንዳደረጋት ከሌላ ሰው ሰማሁ። "እንኳን ደስ አለሽ" ብዬ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።