ኮምፒውተሩ እምቢ ያለው ዓመት

አገሩ ሁሉ 1987 ነው ሲል፣ እስራኤል አገር፣ ክርያት ያም ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አባቴ ግን 1979 ነው አሉ። ከጎንደር ሲወጡ ቤቱንም ላሞቹንም ትተው መጥተዋል፤ የዘመን አቆጣጠራቸውን ግን ማንም አላስጣላቸውም። «እነዚህ ሰዎች ስምንት ዓመት በከንቱ አስረጁኝ» ይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት በዚህ እንነታረካለን።

እኔ ሃይፋ ከተማ የኮምፒውተር ኮርስ እማር ነበር። የመጨረሻውን ፈተና ከወደቅኩ፣ የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ ወደቡ አጠገብ ባለ ፋብሪካ የጽዳት ቦታ ይዛልኛለች። እናቴም አክስቴም እዚያው ናቸው። ሥራውን ንቄ አይደለም፤ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት መጥረጊያ ይበቃል ብዬ ነው።

የዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮቻችን ከጠፉ ቀኑን ይረሳሉ። በተከፈቱ ቁጥር፣ ስካሩ እንዳልለቀቀው ሰው፣ ዛሬ ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ፈተናው ቀኑን በፕሮግራም ማስተካከል ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ ሰዓቱን አይነካም፤ ቀን፣ ወርና ዓመት ይዞ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጠራል፣ የሚያስተካክለው እሱ ነው።

ከፈተናው በፊት ስለማመድ፣ የጠዋቱ ንትርክ ከራሴ ሳይወጣ ዓመቱን 1979 ብዬ አስገባሁ። ፕሮግራሜ «ተስተካክሏል» አለ። ቀኑን ሳየው ግን ንቅንቅ አላለም። መምህሩን ጠራሁት፤ አይቶ ሳቀ።

«ይህ ማሽን ከ1980 በፊት ያለ ዓመት አያውቅም። እምቢ ብሎሻል፤ መልሱን ሳትሰሚ ነው ተስተካክሏል ያልሽው» አለኝ።

ለካ ጥሪው መልስ አለው፤ ዜሮ ከመጣ እሺ፣ ሌላ ከመጣ እምቢ ነው። በጣም ተናደድኩ። ቤት ስገባ በአባቴ ላይ ተወጣሁት።

«አባ፣ የእርስዎን ዓመት ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። እኔም ሳልሰማው ቀረሁ።»

«ታዲያ ምን ይደንቃል?» አሉ። «ያቺ ስንመጣ የመዘገበችን የቢሮ ጸሐፊ፣ ዕድሜዬ ይህ አይደለም ብላት፣ ‹ቤሰደር፣ እሺ› ብላ የፈለገችውን ጻፈች። አንቺም እንደሷ ሆነሽ ነዋ።»

ያ ንግግር አሳፈረኝ። በማግስቱ ፕሮግራሜን መልስ እንዲሰማ አድርጌ ጻፍኩት።

በፈተናው ቀን መምህሩ በየኮምፒውተሩ እየዞረ ፌብሩዋሪ ሠላሳን አስገባ። የኛ የካቲት ሠላሳ ቀን አለው፤ የነሱ ፌብሩዋሪ ግን የለውም። የጎረቤቶቼ ፕሮግራሞች በየተራ «ተስተካክሏል» አሉ። የኔው «አልተቀበለም» አለ። መምህሩ ስሜ ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ።

«አለፍኩ» አልኳቸው አባቴን። «በእርስዎ ዓመት ነው ያለፍኩት።»

«መስከረም ሲጠባ የኔም 1980 ይሆናል። ያኔ ኮምፒውተሩ ይቀበለኛል?» አሉ።

«ይቀበልዎታል።»

«ደግ ነው። እዚህ አገር መቼ እንደሚቀበለኝ ቁርጡን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።»