ረቡዕና ቅዳሜ ዝም የሚሉት ሳጥኖች

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ባሮ ሞልቶ በነበረበት ሰሞን ነው። ዛሬም ድረስ ለመዘመር ማይክ በጨበጥኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ሳቄን እንደ ምንም አፍኜ ነው የምጀምረው። አጠገቤ የሚቆሙት ዘማሪዎች ምክንያቱን ያውቃሉ፤ እናንተም እወቁት።

አሪየት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር ነው። ኤሌክትሪካል ተምሬ ኮሌጅ አስተምራለሁ፤ በዚያ ላይ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ጥናቴ በትንሽ ባትሪ ስለሚሠሩ ገመድ አልባ መሣሪያዎች ነው። ከሳሙና ማስቀመጫ የማይበልጡ አራት ሳጥኖች ወንዙ ዳር በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ አስሬ፣ የውኃውን ከፍታ እየለኩ ወደ ኢንተርኔት እንዲልኩ አድርጌያለሁ። ወንዙ ሲነሣ ዳር ዳሩን በቆሎ የዘራ ሰው በስልኩ እንዲያውቀው ነው ሐሳቡ።

የሳጥኖቹ ብልሃት ብዙ አለማውራታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ዋናው ተቀባይ በየዐሥር ደቂቃው «ተነሡ» ብሎ ሲጠራቸው ብድግ ይሉና «ውኃው እዚህ ደርሷል» ብለው በሹክሹክታ ተናግረው ተመልሰው ይተኛሉ። በዚህ ዓይነት ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ከዓመት በላይ ያኖሯቸዋል። ተቀባዩ ግን ሹክሹክታቸውን እንዲሰማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሰቀል አለበት። በሰፈራችን ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ፤ ጸልየውም ሰቀሉልኝ።

የመጀመሪያው ወር ያለ አንዳች እንከን አለፈ። ከዚያ ጉዱ ጀመረ። ሳጥኖቹ ዝም ይላሉ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ረቡዕ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ ጠዋት። ሁለት ሦስት ሰዓት አራቱም ድምፃቸውን ያጠፉና ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። ባትሪ ቀየርኩ። ሙቀቱ ነው ብዬ ጥላ ሠራሁላቸው። ጉማሬ እየተሻሸባቸው ይሆን ብዬም አስቤያለሁ። አትሳቁ፣ ባሮ ነው!

አንድ ቅዳሜ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ የዓሣ መረብ ተሰቅሎ አየሁ። በቃ፣ ሌባዬን አገኘሁት አልኩ። የመረቡ ባለቤት አቶ ኦሞድ ይባላሉ፤ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ዝምተኛ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እኔ ስናደድ አፌ ይቀድመኛል። «ስንት ወር የለፋሁበትን እኮ መረብዎ በላው!» ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባቸው። እሳቸው መረባቸውን ፈትተው ጠቀለሉና «ልጄ፣ እኔ ከዓሣ በቀር የያዝኩት ነገር የለም» ብለው ታንኳቸውን ገፍተው ሄዱ።

በሚቀጥለው ረቡዕ መረብ የለም፤ ሳጥኖቹ ግን ጭጭ። ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩና እሳቸው የሚቀመጡበትን መንገድ ትቼ በሌላ በኩል መሄድ ጀመርኩ።

በዚህ መሐል አማካሪዬ ዶክተር መስፍን ከአዲስ አበባ ደወሉ። «አሪየት፣ ከቁጥሩ ክፍተቱ በዛ እኮ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በረራ ስላለኝ እሑድ ጠዋት ሲሠራ በዓይኔ አየዋለሁ። ካልሠራ ርዕስ እንቀይራለን፤ መሣሪያዎቹም ለሌላ ተማሪ ይሰጣሉ» አሉኝ። ርዕስ መቀየር ማለት ከዜሮ መጀመር ነው፤ የተሰጠኝ ጊዜ ደግሞ እያለቀ ነበር። ከሰባቱ ቀን ተመርጦ ተመርጦ እሑድ ጠዋት!

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ሰው ልንገራችሁ። እኔ የአማርኛው ጉባኤ መዘምራን መሪ ነኝ፤ ኑዌሩም አኝዋኩም ከደጋ የመጣውም አንድ ላይ የሚያመልክበት ጉባኤ ነው። የድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ጋትሉዋክ የሚባል ወንድም ነው። በሥራ ቀን ወደ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሚመላለስ መኪና ይነዳል። በእሱ ላይ ቂም ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ገመድ አልባ ማይክ ከገዛች ወዲህ፣ መዝሙሩ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ድምፄን ዝቅ ያደርግብኛል። አንዴ ቢሆን እሺ፤ በየመዝሙሩ! በመጨረሻ ኮሚቴ ፊት ከሰስኩት። «ወይ ሥራውን ይማር፣ ወይ ሌላ ሰው ይተካ» አልኩ። እሱ አቀርቅሮ «እሺ፣ እሞክራለሁ» ብቻ አለ።

ቅዳሜ ዶክተሩ መጡ። ሙቀቱ አድክሟቸው ሆቴላቸው አረፉ፤ እኔ ወደ ልምምድ ሄድኩ። ልምምዱ ሲያልቅ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። አራቱም ባዶ። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንባዬን ለቀቅኩት።

ጋትሉዋክ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ቀስ ብሎ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ።

«እህት አሪየት፣ ነገ ትልቅ እንግዳ አለሽ አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«ነገ ብቻ… ያ ጣሪያ ላይ ያለው ሳጥንሽ፣ ትንሽ ዝም ይላል?»

«ኧረ በጌታ! ዝም ብሎ አይደል እንዴ የሚያስለቅሰኝ!»

«የለም፣ ዝም አይልም። በየዐሥር ደቂቃው በማጉያው ውስጥ ጠጠጠ ይላል። ማይኩ ከመጣ ጀምሮ ነው። ሰው እንዳይሰማው ሰዓቴን እያየሁ፣ ሊል ሲል ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ። አንዳንዴ አንቺ ስትዘምሪ ይደርሳል። ይቅርታ።»

ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ለወንዝ ዳር ሰው ትለፊያለሽ። እኔ ስለ ጠጠጠ ላስቸግርሽ? ነውር ነው» አለ።

እኔ ኮሚቴ ፊት ሳቆመው እንኳ ይህን አልተናገረም። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር በራልኝ። የእኔ ተቀባይ የእሱን ማይክ ከረበሸ፣ የእሱ ማይክስ የእኔን ተቀባይ ለምን አይረብሽም? ሁለቱም ጎን ለጎን በሆነ ሞገድ ነው የሚያወሩት። ሳጥኖቼ ከሩቅ ከወንዙ ዳር በሹክሹክታ ይናገራሉ፤ ማይኩ ግን ተቀባዩ ሥር ቆሞ ይጮኻል። ማን ይሰማ?

ዞር ብዬ በሩ ላይ የተለጠፈውን የመዘምራን ፕሮግራም አየሁ። ረቡዕ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ ጠዋት። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ጽሕፈት! ማይኩን ይዤ የምጮኸውም እኔ። ጉማሬ ስጠረጥር፣ ሽማግሌ ስሰድብ የከረምኩት ሴትዮ፣ ሌባዋ እኔው ራሴ።

«ጋትሉዋክ፣ ማይኩን አብራው» አልኩት። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ ባዶ። «አጥፋው።» ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቁጥር ተከታትሎ ገባ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ እሱ ደግሞ «ሃሌሉያ!» ብሎ የጠቀለለውን ገመድ በሙሉ በተነው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። የማይኩ ሞገድ አይቀየርም፤ የሳጥኖቹን መቀየር ይቻላል፤ ግን ሳጥኖቹን አንድ በአንድ መክፈት ይጠይቃል፣ ምሰሶዎቹ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ውኃ ውስጥ ነው የቆሙት። የድሮው ባለ ገመድ ማይክ ከተበላሸ ቆይቷል። የቀረው ያለ ማይክ መዘመር ነው። ያን ያህል የተጠበቀውን አዲስ ማይክ አጥፉልኝ ለማለት ፊት አልነበረኝም። «ተዪው፣ እኔ እናገራለሁ» አለ ጋትሉዋክ።

እሑድ ጠዋት ዶክተር መስፍን ኮምፒውተሩን ታቅፈው መጡ። ኦርቶዶክስ ናቸውና በሩ ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ። «ኧረ ዶክተር፣ እዚህ ጫማ አይወልቅም!» ብዬ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ወሰድኳቸው። ጋትሉዋክ ከማጉያው አጠገብ ተነሣ። ሰው ፊት መናገር አይወድም። «ዛሬ ማይክ የለም። እህታችን ወንዙን እያዳመጠች ነው። እኛ በጉሮሯችን እንዘምራለን» አለ። ጉባኤው «አሜን» አለ።

ገና የመጀመሪያውን መዝሙር ስጀምር ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የጋምቤላን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድምፄ ሁለተኛው ረድፍ እንኳ አልደረሰም። ሰው አፌን እያየ ግራ ተጋባ። ጋትሉዋክ ማይኩን አንሥቶ «ላብራው?» በሚል ዓይን አየኝ። ዶክተሩ ስክሪኑ ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይሆንም።

ጋትሉዋክ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለና መሐል መተላለፊያው ላይ ወጥቶ ያጨበጭብ ጀመር። ዘምሮ የማያውቅ ሰው በዚያ ወፍራም ድምፁ መዝሙሩን ያዘው። ከዚያ የፊት ረድፍ፣ ከዚያ እናቶች፣ ከዚያ ሁሉም። ዝናቡን በለጥነው። ከሁሉም ራስ በላይ የዶክተሩ እጅ ወጣ፤ አራት ጣት። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና አራት ጣት። እኔ እየዘመርኩም እያለቀስኩም ነበር።

በሦስተኛው ዙር ግን ዶክተሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። የሦስተኛው ምሰሶ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከፍ ብሏል። በዚህ ጊዜ አንድ በዝናብ የበሰበሱ ሰው ለመጠለል ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ባያቸው አቶ ኦሞድ ናቸው! ዶክተሩ ወደሳቸው ጠጋ ብለው ጠየቁ። አቶ ኦሞድ እጃቸውን ከእምብርታቸው ትንሽ ከፍ አድርገው አሳዩ። ዶክተሩ ስክሪኑን አዩ፣ እጁን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ጉባኤው ሲያልቅ ዶክተሩ የተባባሉትን ነገሩኝ። «ሦስተኛውን ምሰሶ ያውቁታል? ውኃው የት ደረሰ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ አቶ ኦሞድ «እንዴት አላውቀውም፣ እሱ ላይ እኮ ነው የተሰደብኩት። አሁን ስመጣ እዚህ ደርሷል» ብለው ለክተው አሳዩአቸው። ልኩ ከሳጥኑ ቁጥር ጋር ገጠመ። «ቁጥር መምጣቱ አንድ ነገር ነው፤ እውነት መሆኑን የመሰከሩልሽ ግን እኚህ ሰው ናቸው። ርዕሱ አይቀየርም» አሉኝ ዶክተሩ።

እዚያው አቶ ኦሞድ እግር ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «አሁን መረቤን ልስቀል?» ነው ያሉኝ። ወንዙ ሲጎድል ምሰሶው ላይ ለመረባቸው የሚሆን ሚስማር መታሁላቸው። ኮሚቴውም ፊት ቆሜ ክሴን አነሣሁ። የሳጥኖቹን ሞገድ ስቀይር መሰላሉን የያዘልኝ ጋትሉዋክ ነው። በጥናቴ የምስጋና ገጽ ላይ የሁለቱ ስም ከዶክተሩ ስም በፊት ነው ያለው፤ ዶክተሩም አልተቀየሙም።

ዛሬ ማይኩም ይሠራል፣ ሳጥኖቹም ይናገራሉ፣ ጠጠጠ የሚል ነገር የለም። ጋትሉዋክ ግን ልማድ ሆኖበት በየዐሥር ደቂቃው ሰዓቱን ያያል። እኔ ቆሜ ያንን ሳይ ሳቄ ይመጣል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔን ላለማስቸገር ብሎ በእኔው አፍ ሲወቀስ የከረመ ሰው መሆኑን ሳስብ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ከዚያ «ጀምሪ» በሚል ራሱን ነቅነቅ ያደርግልኛል፤ መዝሙሩን እጀምራለሁ።