የጥሩነሽ ክንድና የጣሊያን ሜትር

የበደለችኝ የባሌ ወንድም ሚስት ጥሩነሽ ናት። ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ የተቀመጠበት፣ እኔም የመጀመሪያ ልጄን የምድርበት ነበር። ለሙሽራ ቀሚስ የሚሆን አቡጀዲ ልገዛ ከሉማሜ ተነሣሁ። የልጄን ልብስ ራሴ መርጬ፣ ራሴ አስለክቼ ልገዛ ነበር ሐሳቤ።

ባሌ ግን፣ «ጥሩነሽም አብራን ትሂድ፤ ክንዷ ረጅም ነው» አለ። ያኔ ጨርቅ የሚለካው በገዢው ወገን ክንድ፣ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ነው። ስለዚህ ገበያ የሚወጣ ሁሉ እሷን ይለምናል። የእኔ ክንድ አጭር ነው።

መንገድ ላይ

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ጭቃው ይይዛል፤ የጣሊያን ካሚዮን በመጣ ቁጥር ወደ ጤፉ ማሳ እንገባለን። ጥሩነሽ ከባሌ ጋር ከፊት፣ እኔ ስንቅ አዝዬ ከኋላ። አንድ ጊዜ አዳለጣት።

«ክንድሽን አደራ» አላት ባሌ።

እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ ስንቁ ከበደዎት እንዴ?» አለች።

«የከበደኝስ ስንቁ አይደለም» አልኳት።

ዘመድ ቤት አድረን፣ በማግስቱ ገበያ ደረስን።

ደብረ ማርቆስ

ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ቆምን። ጥሩነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሐጂ ጠፍጣፋ እንጨት አወጡ።

«ይቺ ሜትር ናት። በክንድ የሸጠ ይታሰራል ተብሏል» አሉ፤ ጠብመንጃ ይዞ በር ላይ ወደቆመው ባንዳ በአገጫቸው እያሳዩ።

«እንጨቱ የማን ክንድ ነው?» አለ ባሌ።

«የማንም አይደለም።»

ጣሊያን ወንድሜን ገድሎብኛል። ያን እንጨት ግን ወደድኩት። ጥሩነሽ እጅጌዋን መለሰች፤ ጨርቁን እኔ መረጥኩ፤ ሐጂ አራት ሜትር ቆረጡልኝ።

ባሌን አላስቻለውም። ከገበያው ወጥተን ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ጥሩነሽን አስለካት።

«ስምንት» አለች።

እኔም ተቀብዬ ለካሁ። «በእኔ ዘጠኝ ተኩል ነው» አልኩ።

ጥሩነሽ ሳቀች። «እንግዲህ ገበያ እትዬን ይዘን ነው የምንወጣው፤ ጨርቅ ያበዛሉ።»

ባሌም አብሯት ሳቀ።

ቤት

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። በልጄ ሠርግ ላይ «ጨርቅ አብዢዋ» ተባልኩ፤ የቀሚሱን ማማር ያነሣልኝ የለም። ከዚያ መንገድ የተማርኩት እንጨት እንደማያዳላ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጥሩነሽ ታማ ሞተች። ለመግነዟ አቡጀዲ የተላክሁት እኔ ነኝ። ባሌ፣ «ቁመቷ ረጅም ነው፤ አስጨምሪ» አለኝ።

በሜትር አስለካሁ። አላስጨመርኩም።