ከመርዶው በፊት የመረጥኩላት ሮለር ኮስተር

ሰው ሮለር ኮስተርን የሚፈራው በቁመቱ ነው። እኔ ግን የምመዝነው በሰጋቱራ ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሳን ሆዜ አጠገብ ባለ አንድ ትልቅ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሁለት ዓመት ጠርጌያለሁ። ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያና ማፈሻ ይዤ ቀኑን ሙሉ በመጫወቻዎቹ መሃል እዞራለሁ። ከባቡሩ ወርዶ ያስመለሰው ሰው ሲኖር ይጠሩኛል፤ ሰጋቱራ እነሰንስበታለሁ፣ እስኪመጠጥ እጠብቃለሁ፣ አፍሼ እሄዳለሁ። የትኛው መጫወቻ ሰውን እንደሚያስጮህ፣ የትኛው እንደሚያሳምም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ረጅሙ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሰጋቱራዬን የሚጨርሰው እናቶች «ይሄማ ምንም አይልም» እያሉ ልጆቻቸውን ይዘው የሚገቡበት፣ መሬት ለመሬት ክብ የሚዞረው መጫወቻ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ሙያ ይሄ ነው፤ የሌላውን ሰው ደስታ ትርፍራፊ ማፈስ። በዚያን ጊዜ ምሬተኛ ነበርኩ፣ አልደብቅም።

ይህን ዕውቀቴን ከቁም ነገር የቆጠረችልኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዘመዴ አይደለችም፤ ግን ከአገር ስንወጣ አብረን ነው የወጣነው፣ አብሮ የተራበ ሰው ደግሞ ከዘመድ ይቀርባል። እሷ «ወንድሜ» ትለኛለች፣ እኔ «እቴ» እላታለሁ። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር፤ እሷ ከሁለት ሴቶች ጋር ከታች፣ እኔ ከላይ። ሳኒቬል አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር እያየች የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ትበይዳለች። እጇ ፀጉር ከሚያህል ሽቦ ላይ ውልፍት አይልም። ከፍታ ላይ ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ሊፍት አትገባም። በመኪና የአውራ ጎዳና ድልድይ ስንወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ፍርሃቷን ከጥንት አውቀዋለሁ። ከሱዳን ድንበር ወደ ገዳሪፍ በጭነት መኪና ስንጓዝ፣ መንገዱን ሙሉ ቀበቶዬን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷን ጀርባዬ ላይ ደፍታ ነው የደረሰችው። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ከማሽላው ጆንያ አናት ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ያፏጭ ነበር። ያኔ ገና ጢም አላበቀለም። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያነጥረን እኛ ማርያምን እንጠራለን፣ እሱ «ድገመው!» ይላል።

እሷና እኔ ቀድመን አሜሪካ ገባን፤ እሱ ካርቱም ቀረ። ስፖንሰር አድርጋው ሁለት ዓመት ሙሉ ፎርም ስትሞላ ኖረች። በመካከሉ ከእኔ ፓርክ አንድ ፖስትካርድ ላከችለት፤ ሰዎችን ዘቅዝቆ የሚያዞረው የብረት ሮለር ኮስተር ያለበትን። በመልሱ «እዚህ ላይ አብረን ሳንወጣ ቤት እንዳታስገቢኝ። አይ ፈራሁ ካልሽ ከኤርፖርት ወደ ካርቱም እመለሳለሁ» ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤውን ለሰው ሁሉ እያነበበች ሳቀች። ከዚያ ኢንተርቪውን አለፈ፣ የጤና ምርመራውን ጨረሰ፣ የቀረው የአውሮፕላን ቀን ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እኔ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ወንድሜ፣ አንተ እዚያ አይደል የምትሠራው? ትሬን አድርገኝ፣ አለማምደኝ። ልጁ መጥቶ ፊቱ እንዳልዋረድ።»

ለሠራተኛ የሚሰጠውን ነፃ ትኬት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ለእሷ አወጣሁት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምንም ላይ አልወጣንም፤ ከመውጫው ትይዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሚወርዱትን ሰዎች ፊት አየን። እየሳቁ የሚወርዱትን ቁጠሪ አልኳት። በሁለተኛው ቅዳሜ የሕፃናቱ ባቡር ላይ፣ ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር፣ ጉልበቷ አፏ ጋ ደርሶ ተቀመጠች። አንዲት ፈረንጅ ሕፃን «አይዞሽ» እንደማለት እጇን ያዘቻት። ሦስተኛው ቅዳሜ እውነተኛው ነበር። ምርጫው ሁለት ነው፤ ሰው የማይገለብጠው የእንጨቱና የፖስትካርዱ ብረት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ፈሪ ሰው የእንጨቱን መረጥኩ። ይጮኻል፣ አጥንት ያንገጫግጫል፣ ግን ጭንቅላት ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ከኋላ ሳይሆን ከመሃል ተቀመጪ፤ የኋላው ወንበር ይወረውራል። ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ የሚያሳምመው ጨለማው ነው። ባዶ ሆድሽን አትውጪ። ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት አስደገምኳት።

ለዚያ ሦስተኛ ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ከሥራ ስገባ ስልኬ ጮኸ። ኦክላንድ የሚኖሩ፣ የሁላችንም ሽማግሌ የሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ።

«ልጄ፣ ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቁጭ በል እስቲ። ያ ልጅ ዐርፏል። የወባ ትኩሳት ነው አሉ። ሰኞ ቀብረውታል። ከካርቱም አሁን ኮል አደረጉልኝ።»

ያ ልጅ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሰማሁት ፉጨቱን ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሷ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሁሉም ፈርታለች፤ ወባን ግን የፈራ አልነበረም።

«መቼ እንንገራት?» አልኩ።

«ነገ ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ቅዳሜም ግማሹ ሺፍት አለው። እሑድ ኦፍ ነን፤ ማልደን እንመጣለን። አንተ ቅዳሜ ይዘሃት ውጣ። ልትሄዱ አስባችሁ ነበር አሉ፤ ብትቀሩ ትጠረጥራለች። የቤቷን ስልክ አብረዋት ያሉት ሴቶች ይነቅሉታል።»

«እንዴት ይዣት እወጣለሁ፣ ጋሼ? ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ?»

«እንደ ወንድ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ባህላችንን ልሰድብ አይደለም። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ በስልክ አይነገርም፤ የሚደግፍ ክንድ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም። ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን አገር ቤት መርዶ ቢዘገይ ጎረቤት እስኪጠራ፣ እስኪነጋ ነው። እዚህ ግን ኦፍ ቀን ይጠበቃል። ልጁ ሰኞ ተቀበረ፤ የእህቱ ልቅሶ በእኛ የሥራ ሰዓት ምክንያት ለእሑድ ተቀጠረ። ይህን ያኔም አስቤዋለሁ። አስቤም አፌን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ፍልሰታ ነበር። ለወንድሟ መንገድ ብላ ቅዳሜንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምትጾመው። ባዶ ሆድ ለባቡር መጥፎ ነው አልኳት።

«ማርያም ታውቃለች» አለችኝ። «እሱ ይግባልኝ እንጂ ቢያስመልሰኝ አንተ አለህ፤ በሰጋቱራህ።»

ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

በሩ ላይ ስንደርስ ሐሳቧን ቀየረች። «የፖስትካርዱ ላይ ልውጣ። ሰሞኑን ቀኑን ያሳውቁናል፤ ጊዜ የለኝም» አለች። ያኔ ቆጣ አልኩባት። የእንጨቱ ነው፣ ሙያው የእኔ ነው፣ አልኳት። ምክንያቴ ሙያ አልነበረም። በዚያ ብረት ላይ ከጎኗ ያለው ወንበር የእሱ ነበር፤ እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም።

እሷ ግን ትንሽ አሰበችና «እውነትህን ነው፤ እሱን ለእሱ ልተውለት» አለች። ጫማዬን አጎንብሼ አሠርኩ፤ የተፈታ ነገር አልነበረውም።

ከመሃል ተቀመጥን። ብረቱ ጭናችን ላይ ወረደ። ባቡሩ ሽቅብ ሲጎተት ከሥር ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሰውን የሚገድለው ይሄ አዝጋሚ አቀበት ነው፣ ቁልቁለቱ አይደለም። ላብ አጠመቃት። ቀበቶዬን ፈልጋ ያዘች። ዓይኗ ግን ተከፍቶ ነበር። አናቱ ላይ ስንደርስ ባሕረ ሰላጤው ታየ፣ አውራ ጎዳናው፣ ሳኒቬል ያሉት ጠፍጣፋ ፋብሪካዎች። «ያውልህ የእኔ ሥራ ቦታ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደቅን።

እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ጩኸት ነው የጀመራት፣ በመሃሉ ሳቅ ሆነ፣ እስኪቆም አላቆመችም። ወርዳ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ሳቀች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ «ድገመው!» አለችኝ። ቃል በቃል የወንድሟን። ሁለተኛ ወጣን። ሦስተኛ ወጣን፣ ከፊተኛው ወንበር። ያን ቀን ሰጋቱራ ያስፈለገው ለእኔ ነበር፤ ከሦስተኛው በኋላ ከአጥር ሥር አስመለሰኝ። ጀርባዬን እየመታች «አንተ ነህ እንዴ ፈሪው? ለእሱ ነው የምነግርልህ!» ብላ ቀለደችብኝ።

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ በድንች ጥብስ ጾሟን ስትፈታ፣ ከጎኗ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ «እቴ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ «አቤት» ስትለኝ ጨው አቀበልኳት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሁለት መኪና ከኦክላንድ ወረዱ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። በዚያ ሰዓት፣ ያን ሁሉ ሰው፣ ነጠላውን አጣፍቶ ባየች ጊዜ፣ አዛውንቱ ገና «ልጄ» ከማለታቸው ነው የወደቀችው። ደጋፊ ክንድ ሞልቶ ነበር። ሁሉም እንደ ሕጉ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ፣ ድምፅዋ ከተዘጋ ወዲያ፣ ከሴቶቹ መሃል ጠራችኝ። ፊቷ ላይ የጥፍር ምልክት ነበረ።

«መቼ ነው የሰማችሁ?»

ዙሪያዬን ያሉትን ሰዎች አየሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። «ሐሙስ» አልኩ።

«ቅዳሜ ስስቅ ታውቅ ነበር» አለች። ጥያቄ አልነበረም። «ሦስት ጊዜ አስወጣኸኝ።»

አዛውንቱ «ሐዘን ያናግራል፣ ልጄ፣ ያልፋል» አሉኝ። አላለፈም። አርባው እንደወጣ ዕቃዋን ጠቅልላ ኦክላንድ ገባች። በዓመት በዓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንገናኝ ሌላውን ሰው ሁሉ ስማ፣ እኔን አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ያን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ፤ ግን ተቀየምኳት። ሽማግሌዎቹ ያዘዙኝን ነው ያደረግሁት። ይህን ለሰማኝ ሁሉ እናገር ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሦስት ዓመት አለፈ። መጥረጊያውን ትቼ የኦክላንድ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚጎትት መኪና መንዳት ጀመርኩ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጭነት ለመቀበል ከተሰለፉት መኪኖች መሃል ወርጄ ከአንድ ሾፌር ጋር ስንቀላለድ፣ ከወደቡ መግቢያ ውጭ አንድ ታክሲ ቆመ። እሷ ወረደች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ ከሥራ ነው የመጣችው። በመኪኖቹ መሃል እያየችኝ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

ደስ አለኝ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁና፣ ታረቅን ብዬ፣ ጥርሴ ሁሉ ታየ።

«አትሳቅ» አለችኝ።

ፊቴ ላይ ያለውን ሳቅ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

«አባትህ ዐርፈዋል» አለች። «ጋሼ አሁን ደወሉልኝ። እሑድ ነው የምንነግረው፣ ወጥ ሥሪ አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘግቼ መጣሁ።»

ከኋላዬ ያለው መኪና ሰልፉ ተንቀሳቅሷልና ጥሩምባ ነፋ። መሪውን ልይዝ ወደ መኪናዬ ዞርኩ። ያን ጊዜ በሁለት እጇ ቀበቶዬን ያዘችኝ።