ስላልተፈለፈሉት አራት መቶ እንቁላሎች

መለኪያ ጠጋኙ አማቱን ከመጥላቱ የተነሳ ስድስት መቶ እንቁላሏን ሆን ብሎ ቀቀለባት እየተባለ ይወራል። ውሸት ነው። እንቁላሎቹ አራት መቶ ነበሩ፤ አማቱንም ቢሆን ይወዳታል፤ እንዲያውም ጉዱን ያመጣው ሊያስደስታት መጣደፉ ነው።

የአማትዬው የጫጩት መፈልፈያ ማሽን የሙቀት መለኪያው ተበላሸባት። መለኪያው ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ያለችበት ሽቦ ነው። ፍሬዋ ስትሞቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ታሳልፋለች፤ ቮልቴጁም አብሮ ይለዋወጣል፤ ማሽኑ ያንን በቀመር ወደ ዲግሪ ይመልሰዋል። ቀመሩ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ ፍሬዋ በሌላ ዓይነት ስትቀየር እሱም መቀየር አለበት። ጠጋኙ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለማይጠይቀውም ጭምር፣ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ፍሬዋን ቀየረና ቁጥሩን ረሳ። ከግድግዳው ቴርሞሜትር ጋር ሲያስተያየው ሁለቱም ሃያ አምስት አሉ። እዚያ ላይ አሮጌዋም አዲሷም ፍሬ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚወጣው ሲሞቅ ነው። እስኪሞቅ ማን ይጠብቃል? ምስጋናውን ተቀብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑን የምትጠብቀው ሴት ደወለችለት። ማሳያው ሠላሳ ሰባት ተኩል ይላል፤ በሩን ስትከፍት ግን ከወትሮው የባሰ ሙቀት ፊቷን ይገርፋታል።

«እህቴ፣ ቁጥሩን እመኚ፤ ፊትሽ መለኪያ አይደለም» አላት። መልሱ ስላማረለት ማታ ለሚስቱም ደገመላት።

በሃያ አንደኛው ቀን አንድም ጫጩት አልወጣም። ጠባቂዋ አንቀላፍታ ነው ተባለ። በየሁለት ሰዓቱ ዲግሪውን የጻፈችበትን ደብተር ይዛ ብትምል ብትገዘት ሰሚ አጣች፤ ተባረረች። ጠጋኙ እዚያው ቆሞ እንደ አዛኝ ራሱን ነቀነቀ።

ቤቱ ገብቶ የአዲሷን ፍሬ ከረጢት ገልብጦ አነበበ። የእሷ ቁጥር 3435፣ ማሽኑ ውስጥ የቀረው የአሮጌዋ ቁጥር 3950። ሲያሰላው ማሳያው ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲል ውስጡ ከሠላሳ ዘጠኝ በላይ ነበር። በማግስቱ «ላጽዳው» ብሎ ገብቶ ቁጥሩን ቀየረና ድምፁን አጥፍቶ ወጣ። አራት ቀን በአማቱ ደጅ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፤ ሚስቱ ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ደመደመች።

በአምስተኛው ቀን አማቱ ቤት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሻይ ሲጠጣ የተባረረችው ሴት የቀረ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ሥራ ሌላ ቦታ ጠይቃ እንደነበር፣ ወሬው ቀድሟት «እንቅልፋሟ አንቺ ነሽ?» እንዳሏት ለአማትዬው ነገረቻት። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፤ ለክስ እንኳ አልነበረም።

ጠጋኙ ወለሉን እያየ «እማዬ፣ እሷ አላንቀላፋችም» አለ። «ቁጥሩን ያልቀየርኩት እኔ ነኝ። ደውላም ነግራኝ ነበር።»

አማቱ ተነስታ ከሴትየዋ እጅ ልብሷን የያዘችበትን ፌስታል ተቀበለቻት፤ የሥራ ጋዋኗንም አውጥታ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ሚስቱ ገና ያላለቁትን ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመረች። ሴትየዋ ብቻ አየችው፤ እሷንም ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ዝም ማለት ይሻለው ነበር። አልቻለም።

«ማሽኑ እኮ አሁን ደህና ነው፤ ከነገ ጀምሮ እንቁላል ማስገባት ይቻላል» አለ።

ሚስቱ የእሱንም ብርጭቆ ከፊቱ አነሳች።